29 ዓመት ባዶውን የቆመ መቆሚያ

ልጆቼ፣

“በጀት አልቆ ሳይቱ ቆመ፤ ምን ይሻለኛል?” እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ወጣት መሐንዲሶች የኤርንስት ፎን ባንደልን ነገር ላጫውታችሁ።

ባንደል ጀርመናዊ ቀራፂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ዴትሞልድ ከተማ አጠገብ ጫካ በለበሰ ኮረብታ ላይ የሄርማንን ሐውልት ጀመረ። ሄርማን እ.ኤ.አ. በ9 ሦስት የሮማ ሌጌዎኖችን (ክፍለ ጦሮችን) የደመሰሰ የጀርመን ነገዶች የጦር መሪ ነው። የድንጋዩ መቆሚያ በ1846 ሲያልቅ ገንዘቡም አብሮ አለቀ፤ በዚያ ላይ ከአሠሪው ማኅበር ጋር ተቃቃሩ። መቆሚያው ባዶውን ቀረ። ጀርመን በ1871 አንድ ከሆነች በኋላ መንግሥት የጎደለውን ሞላና ሐውልቱ ነሐሴ 1875 ተመረቀ። ባንደል ያኔ 75 ዓመቱ ነበር፤ በዓመቱ ሞተ።

ምስሉ ብቻ ከ26 ሜትር በላይ ነው፤ በብረት አጽም ላይ በሪቬት የተያያዘ የመዳብ ላሜራ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰይፉ ነው። 7 ሜትር ርዝመት፣ ወደ ሰማይ በተዘረጋ ክንድ ጫፍ፣ ለዚያ ሁሉ ነፋስ! በሰይፉ ላይ የተጻፈውን የኃይል ፉከራ ግን አልወደውም። ደግሞስ፣ ውጊያው የተካሄደው እዚያ ሳይሆን ራቅ ብሎ ካልክሪዘ በተባለ ቦታ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ ብዙ አርኪዮሎጂስቶች።

ባንደል በሐውልቱ ሥራ የራሱንም ጥሪት ከቶበታል። ይህን አትከተሉት፤ ቤተሰብ አላችሁ።

የምቀናው በመቆሚያው ነው። ከ29 ዓመት በኋላ ያን ሁሉ ብረትና መዳብ ተሸከመ፤ ተጀምሮ የተተወ ሳይሆን ያለቀ ሥራ ነበረና። እኔ በወጣትነቴ ሳይት ሲቆምብኝ ተናድጄ ቢሮውን ቆልፌ ሄድኩ። ከኮለኑ (ከኮንክሪት ምሰሶው) አናት የወጣው ፌሮ አራት ክረምት ዝናብ ጠገበ። ገንዘብ ተገኝቶ ስንመለስ ዝገቱ በእጅ ይረግፍ ነበር፤ የሳይት መዝገቡንም አይጥ በልቶታል። ሁለት ኮለን አፍርሰን ደገምን። የሥራው ባለቤት ምንም አላለኝም፤ ዝም ብሎ ፍርስራሹን ያይ ነበር።

ስለዚህ “ነገ ይቆማል” ሲሏችሁ አንድ ሳምንት ለምኑ። ፌሮውን የሲሚንቶ ውሃ ቀብታችሁ ሸፍኑት። የትኛው ኮንክሪት መቼ እንደተሞላ ጽፋችሁ አንዱን ኮፒ ለባለቤቱ፣ አንዱን ለራሳችሁ ያዙ። ቁልፉን ከዚያ በኋላ አስረክቡ።