ሲ ድራይቭ ባዶ ቦታ እያለው ለምን አይቀነስም?

ወንድሜ፣ ከደብረ ብርሃን የጻፍከውን አይቻለሁ። ሲ ላይ 200 ጊጋባይት ባዶ እያለህ ዊንዶውስ ለኡቡንቱ (ከእሱ ጎን ልትጭነው ላሰብከው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የሚለቅልህ 11 ብቻ ነው። አይዞህ፣ ዲስክህ አልተበላሸም።

ዊንዶውስ ፓርቲሽኑን (ሲ የያዘውን የዲስክ ክፍል) የሚቀንሰው ከጫፉ ጀምሮ ወደ ኋላ ነው። መሀል ላይ የማይነቃነቅ ፋይል ሲያጋጥመው እዚያው ይቆማል። ብዙ ጊዜ እንቅፋት የሚሆኑት የሃይበርኔሽን ፋይል (ኮምፒውተሩ ሲያንቀላፋ የተከፈተውን ሥራ የሚያስቀምጥበት)፣ ፔጅ ፋይል (ለሜሞሪ ማገዣ የሚሆነው) እና ሪስቶር ፖይንት (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለሻው) ናቸው። ሦስቱንም ለጊዜው አጥፋቸውና ሪስታርት አድርግ። ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንት ገብተህ ሲ ላይ «ሽሪንክ ቮልዩም» በለው። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ለኡቡንቱ 25 ጊጋ ያስኬዳል፤ ከቻልክ ግን 50 ስጠው። የተለቀቀውን ቦታ ፎርማት አታድርገው፣ ኢንስቶለሩ ራሱ ያገኘዋል።

ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መመስጠሪያ) በርቶ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፈው። ይቺን በፍጹም እንዳትዘላት!

ክረምት ላይ መብራት እልም ሊል ስለሚችል ባትሪህ ሳይሞላ አትጀምር። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ያለው ሰው ጋ ወስደህ ሥራው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍህን ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ኡቡንቱን የምታዘጋጅበት ፍላሽ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል።