ካርቶን የሌለው አይፎን እና አስቀድሞ የተጠየቀ ቀብድ

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ገበያ ላይ አንድ ግለሰብ ያወጣውን አይፎን 13 አየሁ። 128 ጊጋ ነው፤ «ባትሪ 100%፣ ምንም ያልተነካ» ይላል። ካርቶኑ ጠፍቷል ብሎኛል። ስታዲየም አካባቢ ልንገናኝ ተስማምተን ነበር፤ አሁን ግን «ፈላጊ በዝቶብኛል፣ ለሌላ እንዳልሸጠው 5,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ይላኩልኝ» አለኝ። ልላክለት? ስንገናኝስ ምን ምን ልፈትሽ? ደውሎ ከማውራት ያለፈ የስልክ እውቀት የለኝም። (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ቀብዱን አይላኩ። ሰውየውን አላዩትም፣ ስልኩን አልያዙትም፤ አንዴ አረጋግጠው የላኩትን ገንዘብ ደግሞ በራስዎ መመለስ አይችሉም። «ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ሙሉውን ገንዘብ ይዤ እመጣለሁ» ይበሉት። በዚህ ካልተስማማ ይለፉት፤ አይፎን 13 ከገበያ አይጠፋም።

ከመገናኘታችሁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ ስልኩ ላይ *#06# ተጭኖ የሚወጣውን ቁጥርና የዛሬው ቀን በእጅ የተጻፈበትን ወረቀት አብሮ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይላክልዎ። ከሌላ ቻናል በተወሰደ ፎቶ የሚነግድ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። ሁለተኛ፣ የአፕል አይዲውን (ስልኩ የተመዘገበበት የአፕል አካውንት ነው፤ አዲሱ ሶፍትዌር ላይ «አፕል አካውንት» ይባላል) ፓስዎርድ በቃሉ ያውቀው እንደሆነ ይጠይቁት። ሦስተኛ፣ «ስቶለን ዲቫይስ ፕሮቴክሽን» የሚባለውን መከላከያ ከቤቱ ሳይወጣ እንዲያጠፋው ይንገሩት። ይህ መከላከያ ከአይኦኤስ (ከአይፎን ሶፍትዌር) 17.3 ጀምሮ የመጣ ነው፤ ከበራ ስልኩ ከሚያዘወትረው ቦታ ውጭ ፋይንድ ማይን (የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን) ለማጥፋት ወይም ከአፕል አይዲ ለመውጣት አንድ ሰዓት ያስጠብቃል። ካፌ ተቀምጦ ያንን ሰዓት የሚጠብቅ ሻጭ ጥቂት ነው፤ ገዢውም ይሰለችና «ይሁን፣ ቤት ገብቼ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ይከፍላል። ብዙው ጥፋት እዚያ ላይ ነው የሚደርሰው።

ቦታው ስታዲየም መሆኑ አይከፋም። ግን መንገድ ዳር፣ ታክሲ ተራ ወይም የሰው መኪና ውስጥ አይሁን። ከስታዲየም እስከ ለገሃር፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ቴአትር በሚወስደው መስመር ካፌም የባንክ ቅርንጫፍም አያጡም። መፈተሹን ሶኬት ባለው ካፌ፣ መክፈሉን ባንክ ውስጥ ያድርጉት። ለፍተሻው አንድ ሰዓት ይያዙ፤ ባንክ ሳይዘጋ እንዲጨርሱ ጠዋቱ ይሻላል። ሰው ይዘው ይሂዱ። የራስዎን ሲም፣ የሲም ማውጫ መርፌ፣ የአይፎን ቻርጀር ከነገመዱ፣ ኢንተርኔት የሚያጋራ ሌላ ስልክ እና ለስላሳ ጨርቅ ይያዙ። ኢንተርኔቱ የግድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ ስልኩን ከነሽፋኑ አይቀበሉ። ሽፋኑን ያስወልቁ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠርገው በብርሃን ይዩት። ስክሪኑና ብረቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ክፍተት ወይም የወጣ ሙጫ ካለ ስልኩ ተከፍቶ ያውቃል። የሲም መሳቢያውን አውጥተው ቀዳዳውን በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ምልክት ነጭ ወይም ብርማ መሆን አለበት። ቀልቶ ካገኙት ውኃ ገብቶበታል። ውኃ የነካው ሰርኪት ዛሬ ሠርቶ ከሁለት ወር በኋላ ሊሞት ስለሚችል በቅናሽም ቢሆን አልመክርም።

ቀጥሎ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ ይግቡ። አብዛኛው መረጃ እዚህ ገጽ ላይ ነው። የአይኤምኢአይ ቁጥሩ፣ ማለትም የስልኩ መለያ ቁጥር፣ 15 አሃዝ ነው፤ *#06# ሲጫኑ ከሚወጣው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩት። የሞዴል ቁጥሩ የሚጀምርበትን ፊደል ይዩ፤ በኤም ከጀመረ ለሽያጭ የወጣ አዲስ ስልክ ነበር፣ በኤፍ ከጀመረ አፕል አድሶ የሸጠው፣ በኤን ከጀመረ ለተበላሸ ስልክ በምትክ የተሰጠ፣ በፒ ከጀመረ ጽሑፍ ተቀርጾበት የተሸጠ ነው። ኤፍ ወይም ኤን መሆኑ ነውር የለውም፤ «ምንም ያልተነካ አዲስ» ካለዎት ግን ዋጋውን እንዲያስተካክል ይጠይቁት። «ሞደም ፈርምዌር» የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ የኔትወርኩ ክፍል ተበላሽቷል፣ ይተዉት። «ካሪየር ሎክ» ከሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል መኖር አለበት። ሌላ ነገር ካለ ስልኩ በውጭ አገር የቴሌኮም ድርጅት ላይ የተቆለፈ ነው። እንዲህ ያለው ስልክ ከሲሙ ሥር ቀጭን ቺፕ ተደርጎለት ይሸጣል፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ሶፍትዌሩ የታደሰ ወይም ስልኩ የተደመሰሰ ቀን ኔትወርኩ ይጠፋል። ስለዚህ ሲሙን ሲያወጡ ከሥሩ የተለጠፈ ነገር መኖሩንም ይዩ።

እዚያው ገጽ ላይ «ፓርትስ ኤንድ ሰርቪስ ሂስትሪ» የሚል ክፍል ሊኖር ይችላል። አይኦኤስ 15.2 እና ከዚያ በላይ በጫነ አይፎን 13 ላይ ባትሪ፣ ስክሪን ወይም ካሜራ ከተቀየረ እዚህ ይወጣል። «አንኖውን ፓርት» ካለ ዕቃው የአፕል አይደለም ወይም በትክክል አልተመዘገበም። ክፍሉ ጭራሽ ከሌለ ስልኩ የተቀየረ ዕቃ አላወቀም ማለት ነው።

አሁን ወደ «ባትሪ 100%» እንምጣ። አይፎን 13 የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ነው። አፕል ባትሪው 500 ጊዜ ሙሉ ዙር ከሞላና ካለቀ በኋላ 80% አቅም እንዲይዝ አድርጎ ነው የሠራው። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ስልክ 100% ካሳየ በእኔ ግምት ወይ ባትሪው ተቀይሯል፣ ወይ ቁጥሩ ተነክቷል። የድሮውን ባትሪ ሰርኪት አውጥቶ አዲስ ሴል ላይ በመበየድ ቁጥሩን ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ መልሶ 100 ማድረግ የታወቀ ሥራ ነው፤ እንዲያ ከተሠራ «አንኖውን ፓርት» ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ባትሪውን ይፈትሹ። የስክሪኑን ብርሃን ሙሉ አድርገው 10 ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹ። ደህና ባትሪ በዚህ ጊዜ ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ይቀንሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ፐርሰንቱ ደረጃ እንደሚዘል ከ60 ወደ 52 ድንገት ካሽቆለቆለ ወይም ስልኩ ለመያዝ እስኪያስቸግር ከጋለ ባትሪው ደህና አይደለም። 84% የሚል ሐቀኛ ባትሪ 100% ከሚል ከተነካ ባትሪ ይሻላል።

ስክሪኑን በሁለት መንገድ ይዩት። ሙሉ ጥቁር ፎቶ ከፍተው በእጅዎ ጥላ ያድርጉበት። የአይፎን 13 ስክሪን ኦሌድ ስለሆነ ጥቁሩ ድፍን ጥቁር ነው፤ ግራጫ ብርሃን ከፈነጠቀ ርካሽ ኤልሲዲ ተገጥሞለታል። ከዚያ ከላይ በቀኝ በኩል ወደ ታች ጎትተው የብርሃኑን መቆጣጠሪያ ተጭነው ይቆዩ፤ «ትሩ ቶን» የሚል ካልመጣ ስክሪኑ የተቀየረ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ካሜራውን በ1 እና በ0.5 አጉልተውና አርቀው ያንሱበት። ምስሉ የሚንቀጠቀጥ ወይም ከውስጥ ዝዝ የሚል ድምፅ ካለ ማረጋጊያው ተጎድቷል። ሞተር ሳይክል እጀታ ላይ ታስሮ ሲሠራ የከረመ ስልክ ይህ ችግር ያጋጥመዋል፤ አፕል ራሱ የኃይለኛ ሞተር ንዝረት ካሜራውን እንደሚጎዳ አሳስቧል። ዴሊቨሪ በበዛበት ከተማችን ሻጩን መጠየቁ አይከፋም። ሲምዎን አስገብተው 994 ይደውሉ፣ በጆሮም በስፒከርም ያዳምጡ፤ ጆሮዎ ላይ ሲያደርጉት ስክሪኑ መጥፋት አለበት። ለሚያውቁት ሰው ደውለው ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማው እንደሆነ ይጠይቁ። ቻርጀሩን ሰክተው ገመዱን በቀስታ ያነቃንቁ፤ ቻርጅ ማድረጉ ከተቆራረጠ ቀዳዳው ውስጥ ቆሻሻ አለ ወይም ሶኬቱ ላልቷል።

ውኃ ከገባበት፣ ሞደም ፈርምዌሩ ባዶ ከሆነና በውጭ ድርጅት ከተቆለፈ ስልክ በቀር እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ በዋጋ የሚታረቅ ነው። ስክሪን ይቀየራል፣ ባትሪ ይቀየራል። ከዚህ በታች ያለው ግን አይታረቅም።

ስልኩ በሻጩ አካውንት ሲሠራ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ፋይንድ ማይ እስከበራ ድረስ ግን ስልኩ በአፕል ሰርቨር ላይ ከሻጩ አፕል አይዲ ጋር እንደታሰረ ነው። አክቲቬሽን ሎክ የሚባለው ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለ። ስልኩን ቢደመስሱት፣ ሶፍትዌሩን በኮምፒውተር እንደ አዲስ ቢጭኑት እንኳ ሲነሳ መጀመሪያ አፕልን ይጠይቃል፤ አፕልም የቀድሞውን ባለቤት ፓስዎርድ ይጠይቃል። «ሰብሮ የሚከፍት ልጅ አውቃለሁ» ቢሉዎት አይመኑ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የቺፕ ክፍተት እስከ አይፎን ኤክስ ባሉት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ 13 አይነካም። የተቆለፈ 13 ተፈትቶ ለመለዋወጫ ከመሸጥ ያለፈ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ብር ከኪስዎ ሳይወጣ ሻጩ በፊትዎ ስልኩን ይደምስሰው። ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ ከታች «ትራንስፈር ኦር ሪሴት አይፎን»፣ ከዚያ «ኢሬዝ ኦል ኮንተንት ኤንድ ሴቲንግስ»። የአፕል አይዲ ፓስዎርድ ይጠይቀዋል፤ እሱ ራሱ ያስገባ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሰላምታው ገጽ ይመጣል። እዚህ ላይ አያቁሙ። ያጋሩትን ኢንተርኔት አስይዘው እስከ መነሻ ገጹ ድረስ ይዝለቁ። ስልኩ ከአፕል ጋር ሳይገናኝ መቆለፍ አለመቆለፉ አይታወቅምና ኢንተርኔት ይያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። በመንገዱ ላይ ከባለቤቱ ጋር እንደተቆለፈ የሚናገር ገጽ ከመጣ ግዢው አብቅቷል። «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ከመጣም እንዲሁ፤ ያ ስልክ የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል፣ ለጊዜው ቢታለፍም በተደመሰሰ ቁጥር ይመለሳል። በመጨረሻ የራስዎን አፕል አይዲ ያስገቡና ፋይንድ ማይ በእርስዎ ስም መብራቱን ይዩ።

እዚህ አገር አንድ ልማድ አለ። ስልክ ሲገዛ አፕል አይዲውን የሚከፍተው ሱቁ ነው፤ ባለቤቱ ኢሜይሉንም ፓስዎርዱንም አያውቀውም። ስለዚህ ፓስዎርድ የማያውቅ ሻጭ ሁሉ ሌባ አይደለም። ለእርስዎ ግን ልዩነት የለውም። «አካውንቱን አይንኩት፣ እንዳለ ይሠራል» ካለዎት እሺ አይበሉ፤ የማያውቁት ሰው በዚያ አካውንት ገብቶ ስልክዎን ከሩቅ ሊቆልፈው ወይም ሊደመስሰው ይችላል። ሄዶ ፓስዎርዱን ያስመልስ፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ሲጨርስ ይደውልልዎ። «አይኤምኢአዩን አስገባና ንጹሕ መሆኑን እይ» የሚሉ ድረ ገጾችም ይህን ፍተሻ አይተኩም፤ አፕል የራሱን የመቆለፍ መፈተሻ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘግቶታል።

ሳምሰንግ ወይም ሌላ አንድሮይድ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ተመሳሳይ ነው፦ ሻጩ የጎግልም የሳምሰንግም አካውንቱን ከሴቲንግ ያውጣ፣ ከዚያ ከሴቲንግ ይደምስስ። ቁልፎች ተጭኖ በሪከቨሪ ከደመሰሰው የቀድሞው ጎግል አካውንት ሲነሳ ይጠየቃል። በሳምሰንግ *#0*# ሲጫኑ የስክሪንና የሴንሰር መፈተሻ ይወጣል። ምናልባት አይፎን 14 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ በርካሽ ካገኙ ደግሞ የአሜሪካ ገበያው የሲም ማስገቢያ እንደሌለው ይወቁ፤ መስመርዎን ወደ ኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ማዞር እንደሚቻል ከቴሌ ማእከል ሳያረጋግጡ አይግዙት።

ስልኩ በእርስዎ አካውንት ከተነሳ በኋላ ወደ ሻጩ ኪስ ወይም ቦርሳ አይመለስ። «ላሽግልዎ»፣ «ሽፋኑን ልጨምርልዎ» ብሎ ቢቀበልዎ በሚመስል ሌላ ስልክ ሊቀይርብዎ ይችላል። በእጅዎ እንደያዙት ወደ ባንክ ይግቡ።

ካርቶኑ ባለመኖሩ ወረቀቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ የሁለታችሁ ሙሉ ስም፣ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ ቁጥር፣ የስልኩ ሞዴልና 15ቱ የአይኤምኢአይ አሃዞች፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ ፊርማ፣ ቢቻል የሁለት ምስክር ፊርማ። መታወቂያውን ለማሳየት የሚያቅማማ ሰው ዕቃ አይግዙ። ስልኩ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ፖሊስ በኤግዚቢትነት ይይዘዋል፤ ከማን እንደገዙ የሚያሳዩት በዚህ ወረቀት ነው። ክፍያውን በባንክ ዝውውር ያድርጉት፤ ከማረጋገጥዎ በፊት የሚወጣው የሂሳብ ባለቤት ስም ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆን አለበት። «ወደ ወንድሜ ሂሳብ አስገቡልኝ» ካለዎት ወንድሙም መጥቶ ይፈርም። ሲጨርሱ የዝውውር ደረሰኙንና ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ከአዲሱ ስልክ ውጭ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።