አዘዞ እንግባ ወይስ እንቅር?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ልጅ ወለድን፤ ኪራዩም በየጊዜው ይጨመርብናል። በዚሁ ዋጋ አዘዞ ሁለት ክፍል ከነጓሮው አገኘን። ዘመዶቻችን ግን «የወታደር ሰፈር ነው፣ መጠጥና ጠብ አይጠፋውም» እያሉ አስፈሩን። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ልጆቼ፣ እኔ አዘዞ ስኖር 11 ዓመቴ ነው። ስገባ እኔንም በዚሁ ወሬ አስፈራርተውኛል። ካምፑ አለ፣ መጠጥ ቤትም አለ፤ የት የሌለ አለ? አንድ ሌሊት ልጄ በትኩሳት ስትቃጠል ሮጬ የቀሰቀስኩት ጎረቤቴን ጡረተኛውን ሃምሳ አለቃ ነው። በጋቢው ጠቅልሎ አቅፏት፣ ባጃጅ እስኪገኝ አስፋልቱ ዳር ቆመ። በማግስቱ ሚስቱ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ መጣች። ይህን ሰፈር ሲያሙብኝ አንጀቴ የሚያርረው ለዚህ ነው። ደግሞስ አፄ ፋሲል ጎንደርን ሳይቆረቁሩ፣ አባታቸው ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን ያሠሩት እዚሁ አዘዞ አይደል!

ችግሩን አልደብቃችሁም፦ ሲመሽ ታክሲ ይጠፋል፤ ውሃ በመጣች ቀን በርሜል መሙላት ነው። ጓሮው ግን ለጎመንም ለጌሾም ይሆናል፤ ልጃችሁም አፈር ላይ ይድሃል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መጥታችሁ ሰፈሩን ዙሩት። ከገባችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ እድር ተመዝገቡ።