ያለ ልምድ ሪግ (የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ) ላይ ለመግባት፦ ሰርተፊኬት ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ «በፔትሮሊየም ምህንድስና ተመርቄያለሁ፣ ልምድ የለኝም፤ ገልፍ (የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች) ለመግባት የትኛውን ሰርተፊኬት ላውጣ?» ላልከው፦ ለጊዜው አንዱንም አታውጣ።

1. ሲቪህ አናት ላይ «ሪዘርቯየር ኢንጂነር» ብለህ ከሆነ አጥፋው። አዲስ ተመራቂ በብዛት የሚገባው በሰርቪስ ካምፓኒዎች (ለነዳጅ ኩባንያዎች የጉድጓድ ሥራ በሚሠሩ ድርጅቶች) በኩል ነው፤ ኤስኤልቢ (የቀድሞው ሽሉምበርገር)፣ ሃሊበርተን፣ ቤከር ሂዩዝ። ፊልድ ኢንጂነር ትሬይኒ ወይም መድ ሎገር ብለህ ፈልግ። መድ ሎገር ከመቆፈሪያው ጭቃ (በጉድጓዱ ውስጥ ከሚዘዋወረው ፈሳሽ) ጋር የሚወጣውን የድንጋይ ፍርፋሪ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ጋዙን ይከታተላል። ጂኦሎጂስቶች ይሻሙበታል፤ አንተም ተሻማ።

2. ቦሲየት (የባሕር ላይ ድንገተኛ አደጋ ሥልጠና) የሚያገለግለው 4 ዓመት፣ የዌል ኮንትሮል (የጉድጓድ ግፊት ቁጥጥር) ሰርተፊኬት 2 ዓመት ነው። ሥራ ሳትይዝ ካወጣሃቸው መሳቢያ ውስጥ ጊዜያቸው ያልፋል። «የዌል ኮንትሮል ሌቭል 4 ካለህ ሱፐርቫይዘር ትሆናለህ» የሚልህ ደላላ ካለ ስልኩን ዝጋበት። ሌቭል 4 ድሮም ሪግ ላይ ሌሎችን ሲያዝዙ ለኖሩ ነው።

3. ብሩን አስቀምጥና የዌል ኮንትሮሉን ስሌት ልመድ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። የጭቃው ግፊት (በፒኤስአይ፣ የግፊት መለኪያ) = 0.052 × የጭቃ ክብደት (ፒፒጂ፣ ፓውንድ በጋሎን) × ቁልቁል ጥልቀት (ጫማ)። የተቆፈረው ርዝመት 11,500 ጫማ ነው፤ ጉድጓዱ ስላዘመመ ግን ቁልቁል ጥልቀቱ 9,000 ነው እንበል። ጭቃው 10 ፒፒጂ። ኪክ መጣ (ከድንጋዩ ጋዝ ወይም ፈሳሽ ወደ ጉድጓዱ ገባ)፣ ጉድጓዱን ዘጋህ፣ የድሪል ፓይፑ (የመቆፈሪያው ቧንቧ) ጌጅ 468 ፒኤስአይ አነበበ። 468 ÷ (0.052 × 9,000) = 1፤ ስለዚህ መግደያው ጭቃ (ኪኩን የሚያስቆመው ከባድ ጭቃ) 10 + 1 = 11 ፒፒጂ ነው። በችኮላ 11,500ን ካስገባህ 0.78 ይወጣል፣ ወደ ላይ አጠጋግተህ 10.8 ታስቀላቅላለህ። 94 ፒኤስአይ ገደማ ጎደለህ፤ ጭቃው ዞሮ አልቆ ፓምፑን ስታቆም ጉድጓዱ አሁንም ይገፋል። 11,500 የሚያስፈልግህ የፓምፕ ስትሮክ (የፓምፑን ምት) ስትቆጥር ነው፤ ጭቃው ቢቱ (የመቆፈሪያው ጫፍ) ጋ የሚደርሰው ቧንቧውን በሙሉ ርዝመቱ ሞልቶ ነውና። ይህን ሳያይ ወረቀት ብቻ የሚሰበስብ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ በሁለተኛው ጥያቄ ይያዛል።

ስለ ወረቀት ካነሳን፣ ዲግሪህና ፓስፖርትህ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስምህ ፊደል በፊደል ይግጠም። «ፀሐይ» አንዱ ላይ በቲኤስ፣ ሌላው ላይ በኤስ ብቻ ተጽፎ ከሆነ አሁኑኑ፣ የማረጋገጫ ማኅተም ማስመታት ሳይጀመር አስተካክል። ስህተቱ ኤምባሲ ከደረሰ በኋላ ከታየ የተመታው ማኅተም ሁሉ ከመጀመሪያው ይደገማል፣ ክፍያውም እንደዚያው።