መልስ፦ 100 ዓመት ያለፈው ጦርነት ዛሬም ምን ያስለቅሳል?

ወንድሜ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የሟች ጠቅላላ ቁጥር ለጊዜው ተወውና አንድ ቀን ብቻ እይ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሶም የሚባለው ቦታ የተደረገው ውጊያ የተጀመረበትን፣ ጁላይ 1 ቀን 1916። እንግሊዞች በዛች ቀን ብቻ 19,240 ሰው ሞተባቸው። ደሞ የሚያመው ምን መሰለህ፣ ጓደኛ ከጓደኛ አይለይ ተብሎ ያንድ ሰፈር ልጆች ባንድ ሻለቃ ነበር የሚመለመሉት፣ ስለዚህ መርዶው ሲመጣም ባንዴ ቤት ለቤት ነው የገባው፣ አክሪንግተን ከምትባል የእንግሊዝ ከተማ ልጆች 700 ገደማ ወጥተው 584ቱ ወይ ሞቱ ወይ ቆሰሉ ወይ ጠፉ። ቤልጂየም ውስጥ ኢፐር የምትባል ከተማ ላይ ደሞ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54 ሺህ በላይ ወታደሮች ስማቸው ትልቅ የመታሰቢያ በር ላይ ተቀርጿል፣ በፈረንጆቹ ከ1928 ጀምሮ (ናዚ ከያዛት ዓመታት በቀር) ሁሌ ማታ ልክ 8 ሰዓት በነሱ አቆጣጠር መለከት ይነፋላቸዋል። እዛው አካባቢ ገበሬው እስካሁን ሲያርስ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ያወጣል፣ ዳር ላይ ያስቀምጥና ወታደር መጥቶ ይወስደዋል።