የሰሃራ አቧራ ደን የሚመግብ ከሆነ የሰፈራችን አቧራስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ነው። ገልባጭ መኪና እነዳለሁ፤ ከጠጠር መፍጫ ጠጠርና ገረጋንቲ ወደ ግንባታ ቦታ አመላልሳለሁ። በበጋ መንገዳችን አቧራ በአቧራ ነው፤ የትንሹ ልጄ ደረት ሌሊት ሌሊት ይታፈናል። ሰሞኑን የሥራ ባልደረባዬ የሰሃራ አቧራ ውቅያኖስ ተሻግሮ አማዞን የሚባለውን ደን ይመግባል የሚል ቪዲዮ አሳየኝና «አየህ፣ አቧራ በረከት ነው፤ አንተ ምን ያስጨንቅሃል» አለኝ። እኔ ደግሞ ኦሪት ዘዳግም ላይ ያነበብኩት እርግማን መሆኑን ነው። የቱ ነው ትክክሉ? ይህ ሥራዬስ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? እናቴ ደግሞ ጭንብል ሳደርግ ስታየኝ «እምነት ተቀብተህ ወጥተህ ጭንብል ምን ይሠራልሃል» እያለች ትቆጣለች።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ወንድሜ። ልጅህን እግዚአብሔር ይማርልህ።

ባልደረባህ ያሳየህ ነገር እውነት ነው። በሰሜን ቻድ ቦዴሌ የሚባል ዝቅተኛ ቦታ አለ። የቲቤስቲና የኤነዲ ተራሮች ግራና ቀኝ ስለቆሙ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ በመካከላቸው ሲያልፍ መንገዱ ይጠብበታል፤ ሲጠብበትም ይበረታል። እኔን ግን ከነፋሱ ይልቅ የገረመኝ መሬቱ ነው። ቦዴሌ የሐይቅ ወለል ነበር። ሰሃራ ሣር ባበቀለበት፣ ጉማሬና አዞ በኖሩበት ዘመን የቻድ ሐይቅ ከዛሬው ጋር የማይወዳደር ባሕር ነበር፤ ከ5,000 ዓመታት ገደማ በፊት ዝናቡ እየሸሸ ሲሄድ ሐይቁም አብሮ ሸሸ። ወለሉ ላይ የቀረው ነጭ ደለል በአብዛኛው በዓይን የማይታዩ የውኃ ዋቅላሚዎች ቅርፊት ነው። ዛሬ ነፋስ እያነሣ የሚወስደው እርሱን ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በውኃ ውስጥ የኖረ ፍጥረት ቅሪት፣ ዛሬ ከባሕር ማዶ ለቆመ ዛፍ ምግብ ይሆናል ማለት ነው።

የናሳ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 የሰበሰበውን መረጃ ይዘው ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ በዓመት በአማካይ 182 ሚሊዮን ቶን አቧራ የአፍሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ ለቆ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ 27.7 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው አማዞን ላይ ይወርዳል። አንተ በምትነዳው መኪና ቢጫን ከሚሊዮን ምልልስ ያላነሰ ነው። በውስጡ 22,000 ቶን ገደማ ፎስፈረስ አለ፤ ገበሬዎቻችን ዳፕ የሚሉት ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር ነው። የአማዞን አፈር ከላይ ሲታይ ሀብታም ይመስላል እንጂ ድሃ ነው፤ ዝናቡ ስለማያባራ ፎስፈረሱን እያጠበ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። አቧራው የሚያመጣው መጠን ዝናብ አጥቦ ከሚወስደው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ከአፍሪካ የሰደድ እሳት የሚነሣው ጭስም ፎስፈረስ በማድረስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ያሳያሉ፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ የአቧራው ብቻ ነው አይባልም። መንገድ ላይ ውቅያኖስ ውስጥ የሚወርደው ደግሞ በያዘው ብረት የባሕሩን ደቃቅ ዕፅዋት ይመግባል፤ ዓሣውም በእነርሱ ላይ ይቆማል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 40፣ ቁጥር 12 «የምድርንም አፈር በመስፈሪያ ሰብስቦ የያዘ… ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለ እግዚአብሔር ታላቅነት የተነገረ ምሳሌ ብቻ አድርጌ ነበር የምወስደው፤ አሁን ሳነበው ስፍሩ ራሱ ይታየኛል። ኢዮብም በምዕራፍ 28 እግዚአብሔር ለነፋስ ክብደትን እንዳደረገ፣ ውኃን በስፍር እንደሰፈረ ይናገራል። በቅዳሴያችንም ዝናም ወደሚያስፈልገው ቦታ እንዲላክ፣ የወንዞችም ውኃ እስከ ልኩና እስከ ወሰኑ እንዲሞላ እንለምናለን። «ብዙ ዝናብ ስጠን» ብለን አይደለም የምንለምነው፤ ልክና ቦታ ነው የምንጠይቀው። ለጥያቄህም መልሱን የምፈልገው ከዚህ ነው።

ያነበብከው ዘዳግም 28፥24 «እግዚአብሔር የምድርህን ዝናብ ትቢያና አፈር ያደርጋል» ይላል። እርግማኑ ያለው ዝናብ መውረድ በነበረበት ቦታ ትቢያ መውረዱ ላይ ነው። ትቢያ በተፈጥሮው ርጉም ቢሆን ኖሮ አዳም ከምድር አፈር ባልተበጀ ነበር። አባቶቻችን ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ ብለው ሲያስተምሩን፣ የተናቀውን መሬት ከቁጥር አላወጡትም። በዐቢይ ጾም ስንሰግድ ግንባራችንን የምናስነካው ይህንኑ መሬት ነው። (በነገራችን ላይ የቦዴሌ አቧራ ወደ አማዞን በብዛት የሚጓዘውም በዚያው ሰሞን፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው።)

ስለዚህ «በረከት ነው ወይስ እርግማን» ብለህ ስትጠይቀኝ «የት ወደቀ? ምን ያህል? ማን አስነሣው?» ብዬ መልሼ እጠይቅሃለሁ። አማዞንን የሚመግበው ያው አቧራ ከቦዴሌ ሲነሣ የኒጀርንና የናይጄሪያን ሰው ደረት አልፎ ነው የሚሄደው። ከሴኔጋል እስከ እኛ አገር በተዘረጋው ቀበቶ የማጅራት ገትር በሽታ የሚበረታው ደረቁና አቧራማው ወቅት ላይ ነው። ለብራዚል ዛፍ ማዳበሪያ የሆነው ለኒጀር ሕፃን ሕመም ይሆናል። የሩቁ ደን ስለጠገበ በዚያ ሕፃን ፊት «አቧራ በረከት ነው» ማለት ይከብዳል።

ይህን ለማየት ደግሞ ብራዚል ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 እስኪጠናቀቅ ድረስ የግብፅን እርሻ በየዓመቱ ያለማው ደለል አብዛኛው የእኛ ነበር፤ አባይና ተከዜ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ተራራ ያጠቡት አፈር ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን፤ ከግንዱ በላይ ይዞ የዞረው አፈር ግን ይበልጣል። ለፈላሑ፣ ለግብፁ ገበሬ፣ በረከት ነበር፤ እኔም እሰይ እላለሁ፣ እንጀራ የበላበት ሰው አለና። ለወሎ ገበሬ ግን አለት ብቻ ቀረለት። አንዱ ጋ የደረሰው ስጦታ ሌላው ጋ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ሳያዩ በረከት ነው ማለት ግማሹን ብቻ መናገር ነው።

አንድ ነገር ግን ከባልደረባህ ቪዲዮ ወስደህ ልብህ ውስጥ እንድታኖረው እፈልጋለሁ። ያ ደን ሲመገብ የኖረው ሰው ሳያውቀው ነው። ማንም አላረሰውም፣ ማዳበሪያ አልገዛለትም፣ ስለ እርሱ ጸሎት ያደረሰም አልነበረም። እግዚአብሔር ለኢዮብ ሲናገር በምዕራፍ 38 ሰው በሌለባት ምድረ በዳ ላይ ዝናብ እንደሚያዘንብ ይነግረዋል። እኛ ፍጥረት ሁሉ ለእኛ ሲባል ብቻ የቆመ ይመስለናል፤ ወንዙን ለመስኖ፣ ዛፉን ለአጣና፣ ተራራውን ለጠጠር። ሰው ገዢ ሆኖ ተሾሟል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሹመቱ በዘፍጥረት 2፥15 «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ተብሎ ተወስኗል። እግዚአብሔር ስለማናውቀው ዛፍ ከሐይቅ ወለል ስንቅ የሚያዘጋጅ ከሆነ፣ የእኛ ሹመት ከዚያ አሳብ ጋር እንዲስማማ እንጂ እንዲያፈርሰው አልተሰጠም።

አሁን ወደ ሰፈርህ ልምጣ። ባልደረባህ የዘለለው ነገር አለ፤ ከቦዴሌ የሚነሣው እግዚአብሔር በፈጠረው ነፋስ የሚሄድ ነው፣ ከድንጋይ መፍጫና ካልተነጠፈ መንገድ የሚነሣው ግን በሰው እጅና በሰው ጎማ የሚነሣ ነው። ዝናብ ከእግዚአብሔር ነው ብለህ በጎረቤትህ ጣሪያ ላይ ውኃ አትደፋም። ደግሞም የአንተ መንገድ አቧራ አማዞን አይደርስም፤ ሸካራው እዚያው ልብስ በተሰጣበት ገመድ ላይ ይወርዳል፣ ደቃቁ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ድንጋይ ሲፈጭ የሚወጣው በጣም ደቃቅ ብናኝ ለዓመታት የተነፈሰ ሠራተኛ ሲሊኮሲስ የሚባል ሕመም ሊያገኘው ይችላል፤ ሳንባው ጠባሳ ይይዛል፣ ጠባሳውም አይመለስም። ይህ ከመፍጫው አፍ ላይ ለቆሙት ልጆች ከአንተ ይልቅ ይቀርባል።

ሥራህ ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ በድንጋይና በጠጠር ነው የተሠራችው፤ አንተ የምታመላልሰው ጠጠር ባይኖር የምናስቀድስበት ሕንፃ አይቆምም ነበር። ኃጢአት ሊገባበት የሚችለው አሠራሩ ነው። ኦሪት ዘጸአት 21፥33 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን ይክፈል ይላል። ልብ በል፣ «አትቆፍር» አላለም፤ «ክደን» ነው ያለው። ድንጋዩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ክረምት ውኃ የሚያቁረውን፣ ልጆች የሚዋኙበትን ጉድጓድ ያለ አጥር ጥሎ የሄደ ባለሀብት ይህን ቃል ቢያነበው ጥሩ ነበር። ለአንተ «ክደን» ማለት ጭነቱን ሸራ ማልበስ ነው። ምልልስ እንዳይቀንስብህ ብለህ ሸራውን ጠቅልለህ ትተኸው እንደሆነ፣ መንደር ውስጥም በፍጥነት አልፈህ ከሆነ፣ ያ ለንስሐ አባትህ የሚነገር ነገር ነው። ቀላል ነው ብለህ አትለፈው። መንገዱን ቦቴ አምጥቶ ውኃ ማስረጨት የአንተ ሥልጣን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሾፌሮች ተሰብስባችሁ አለቃችሁን መጠየቅ ግን ትችላላችሁ። አንድ ሾፌር ሲጠይቅ «ጫን ዝም ብለህ» ይባላል፣ ሁሉም ሲጠይቅ ሌላ ነው።

ስለ ዛፍም አንድ ቃል ልጨምር፣ አጥቢያችሁ አዲስ መሆኑን ስለምገምት። አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ ዙሪያውን ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ ይተዉና ይተክሉ ነበር፤ በሰሜኑ አገር ዙሪያው ሁሉ ተራቁቶ ደን የቀረው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። በከተማው ዳርቻ የሚሠሩ አንዳንድ አጥቢያዎች ግን ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በንጣፍ ይሸፍኑታል። ንጹሕ ነው፣ ለጫማ ይመቻል፤ ግን ጥላ የለውም፣ እንደ ዛፍም አቧራ አያስቀርም። በሐምሌ ችግኝ ተክሎ ፎቶ መነሣትም አያንስም፤ የሚያንሰው በጥር ውኃ የሚያጠጣው ሰው ነው። ሰበካ ጉባኤው ውስጥ የምታውቀው ሰው ካለ ይህን አንሣበት።

እናትህ ስለ ጭንብሉ ያሉት ከእምነት የመነጨ ነውና በቁጣ አትመልስላቸው። ግን ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲፈውስ ምን አደረገ? በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አፈሩን በምራቁ ጭቃ አድርጎ ዓይኑን ቀባው፤ ቀጥሎም «ሂድና በሰሊሆም መጠመቂያ ታጠብ» አለው። ያ ሰው «ተቀብቻለሁ፣ መታጠብ ምን ይሠራልኛል» አላለም፤ ሄዶ ታጠበ፣ እያየም መጣ። እምነት የምንቀባው፣ ከቤተ መቅደስ የተገኘ የዕጣን አመድ ይሁን ከጠበሉ ቦታ የተወሰደ አፈር፣ በጸሎት የተባረከ ስለሆነ ነው። ጭንብል የምናደርገው ደግሞ ሳንባችንን የሰጠን ስለሚጠይቀን ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ግን ጨርቅ ብቻ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ከጤና ባለሙያ ጠይቀህ ለአቧራ የሚሆነውን ግዛ።

ልጅህን ሐኪም ካላየው በዚህ ሳምንት ውሰደው። ፓፍ (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) ካዘዙለት ጠበል ስትወስደውም ይዘኸው ሂድ፤ ሲታፈን ስጠው፣ ጸሎቱንም አታቋርጥ። የሥራ ልብስህን ቤት ሳትገባ ውጭ አውልቀው፣ ልጁ ከሚተኛበት ክፍል አራቀው። እናትህ አሁንም ካልተስማሙ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሃቸው ና፤ እኔው እነግራቸዋለሁ።