የሕፃናት ምግብ በቤት ውስጥ፦ ከጅማ ወላጆች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ልጆቻቸው ስድስት ወር የሞላቸው ወይም ሊሞላቸው የተቃረበ የጅማ ወላጆች ስለ ተጨማሪ ምግብ አዘገጃጀት፣ አመጋገብና አቀማመጥ የጻፉልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ እመልሳለሁ። በሕፃናት ክፍል በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት በተቅማጥ የተዳከሙ ብዙ ልጆችን ተቀብያለሁ። እናቶቻቸውን «ምን በላ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምግብ ነበር፤ «መቼ ተሠራ?» ስል ግን ዝም ይባላል። ስለዚህ ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ስለ ሰዓቱ ደጋግሜ ብጽፍ እንዳትሰለቹ እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ስለምወጣ ገንፎውን ማለዳ ሠርቼ በፔርሙዝ እተዋለሁ። ልጄ በ4 ሰዓትና በ7 ሰዓት ይበላዋል፤ ሽታውም ጣዕሙም ተለውጦ አያውቅም። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ምግብን የሚያጎመዝዙትና የሚያሸቱት ጀርሞች ሌሎች፣ ልጅን የሚያሳምሙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ሽታው አለመለወጡ ስለ ምግቡ ደኅንነት ምንም አይነግረንም። ጀርሞች በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው፤ ለብ ያለ ገንፎ ደግሞ በዚሁ መካከል ይገኛል። በእህል ላይ የሚኖር ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ሙቀት የሚቋቋመው ዘሩ (ስፖሩ) ገንፎው ሲፈላ አይሞትም፣ ገንፎው ለብ ሲል ግን ነቅቶ ይራባል፤ ከሚያመነጫቸው መርዞች አንዱም ምግቡ እንደገና ቢሞቅ አይጠፋም። ፔርሙዙ ቀድሞ በፈላ ውኃ ካልሞቀ፣ ገንፎውም እየተንተከተከ ካልተገለበጠበትና እስከ ክዳኑ ካልሞላ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ምግቡን ትኩስ አድርጎ ሳይሆን ለብ አድርጎ ነው የሚያቆየው። በ4 ሰዓት ተከፍቶ እንደገና የተዘጋ ከሆነማ ለ7 ሰዓት የሚተርፈው ገንፎ ሊታመን አይገባም።

እኔም የመጀመሪያ ልጄን ሳሳድግ ይህንኑ አደርግ ነበር፤ ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠው አድሮ ነው የተማርኩት። ከዚያ በኋላ የለመድኩት ሌላ ነው፤ የታመሰው ዱቄት ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ያህል ተለክቶ በደረቅ ዕቃ ይቀመጣል፣ በፔርሙዙ የሚገባው የፈላ ውኃ ብቻ ይሆናል፣ ልጁን የሚይዘው ሰው በሚበላበት ሰዓት ጥቂቷን ገንፎ በከሰል ወይም በምድጃ አብስሎ ይሰጠዋል። ውኃው ቀድሞ ስለሞቀ ሥራው አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ለ4 ሰዓቱ ደግሞ ምግብ ማብሰል የግድ አይደለም፤ ጅማ ላይ አቮካዶና ሙዝ የማይገኝበት ወር ጥቂት ነው። ልጣጩ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በዚያው ሰዓት ተቆርጦና ተፈጭቶ ይሰጠው። በደንብ የተቀቀለ እንቁላልም ከነቅርፊቱ ተቀምጦ በሚበላበት ሰዓት ሊላጥ ይችላል፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም።

ጥያቄ፦ በቤታችን ማቀዝቀዣ አለ። ሠርቼ ላስቀምጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ይጠበቅ። ምግቡ ተሠርቶ ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ እንደ ድስቱ ሳይሆን በትናንሽ ጠፍጣፋ ዕቃዎች ተከፋፍሎ፣ ዕቃው በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ተቀምጦ እየተማሰለ ቶሎ ይብረድ። ወፍራም ገንፎ በድስቱ እንዳለ ቢገባ መካከሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል። ሁለተኛው፣ ገንፎና የሥጋ ወይም የእንቁላል ምግብ ከአንድ ቀን በላይ እንዳያድር እመክራለሁ። ሦስተኛው፣ ሲሞቅ እስኪንተከተክና እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ይሙቅ፣ ከዚያም ለልጁ አፍ እስኪስማማ ይብረድ፤ አንድ ጊዜ የሞቀው ለሁለተኛ ጊዜ አይሞቅ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ ዝግ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን አራት ሰዓት ያህል ይይዛል። ከዚያ ካለፈ የሕፃኑን ምግብ ጣሉት። መብራቱ መቼ እንደጠፋ ካላወቃችሁም እንዲሁ ይደረግ፤ የአንድ ድስት ገንፎ ዋጋ ከሕክምና ዋጋ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጀምሮ የተወውን ለማታ ላስቀምጥለት?

መልስ፦ አይሆንም። ማንኪያው ከአፉ ወደ ሳህኑ በተመላለሰ ቁጥር ምራቅና ጀርም ይገባበታል። መጀመሪያ በትንሹ በንጹሕ ማንኪያ ቀንሳችሁ አቅርቡለት፤ ከጨረሰ ይጨመርለት። በሳህኑ የተረፈውን ታላቁ ወይም እናቱ ወዲያው ሊበሉት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ለምጥን አሥራ ሁለት ዓይነት እህል ደባልቄ ለስድስት ወር የሚበቃ አስፈጭቻለሁ። ክረምቱን ያልፋል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ድካሙ ከፍቅር የመጣ ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም፣ አየሩም እርጥብ ነው። ዱቄት በባሕርዩ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ያገኘ በቆሎ፣ ማሽላና ኦቾሎኒ ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል። ከእነዚህ ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፤ መርዙ በዓይን አይታይም፣ በማመስም ሆነ በማብሰል አይጠፋም። ስለዚህ ማጥሪያው ከወፍጮው በፊት ነው፤ የጠቆረ፣ የተሸበሸበና ሽታው የተለወጠ ፍሬ አንድ በአንድ ይለቀም፣ ታጥቦ በፀሐይ በደንብ ይድረቅ። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ሻጋታውን መለየት አይቻልም።

ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚበቃ ብቻ አስፈጩ፤ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ደረቅ ዕቃ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ሲቀዳም ደረቅ ማንኪያ ይግባ። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ በርበሬ ከተፈጨበት ወፍጮ ራቁ፤ ጤፍ ከተፈጨ በኋላ ተራ ጠይቁ። የአሥራ ሁለቱን ዓይነት ነገርም ልንገራችሁ፤ ዓይነቱ ስለበዛ ምግቡ አይበልጥም። ሦስት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ፣ ለምሳሌ አጃና በቆሎ ከሽምብራ ወይም ከአተር ጋር፣ ልጁን በደንብ ያሳድጋል፤ አንዱ ቢያሳክከው ወይም ሽፍታ ቢያወጣበትም የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያመቻል።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። ጅማ ደጋማ ስለሆነች ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል ይባላል፤ እንግዲያው ማፍላቱ ጀርም ይገድላል?

መልስ፦ ትክክል ነው፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሆኖም ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች ከዚህ በጣም ባነሰ ሙቀት ስለሚሞቱ፣ ውኃው በኃይል ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ሦስት ደቂቃ ይመከራል፤ እናንተም ሦስት ብታደርጉ ጉዳት የለውም። የሚያሳስበኝ ከፈላ በኋላ ያለው ነው፤ ክዳን በሌለው ጀሪካን ከተገለበጠ ወይም ኩባያ እየተነከረ ከተቀዳ ማፍላቱ ከንቱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከጎረቤት ላም የሚታለብ ትኩስ ወተት ለስምንት ወር ልጅ?

መልስ፦ ካልፈላ በፍጹም አይሰጥ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከከብት የሚመጣ የትኩሳት በሽታና የከብት ቲቢን ያስተላልፋል። የፈላውም ቢሆን አንድ ዓመት እስኪሞላው ገንፎ ማብሰያ ይሁን እንጂ የእናት ጡትን አይተካ። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

ጥያቄ፦ የጅማ ማር ንጹሕ ነው፤ በጣት ቢቀምስስ?

መልስ፦ ማራችን ግሩም ነው፤ ነገር ግን የትኛውም ማር ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ሕፃናትን ሽባ የሚያደርግ በሽታ የሚያመጣ ስፖር ሊኖርበት ስለሚችል፣ አፍልተነውም ቢሆን ከ12 ወር በፊት አይሰጥም። ከ12 ወር በላይ የሆኑ ልጆች አንጀታቸው ይቋቋመዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኛ አላምጠን እያጎረስን ልጆች አሳድገናል። አሁን ምን ተለወጠ?

መልስ፦ እናቴ፣ ያኔ ምግብ የሚያለሰልሰው የእናት ጥርስ ብቻ ነበርና የተደረገው ሁሉ ከአንጀት ነው። ነገር ግን በአዋቂ አፍ ያለው የጥርስ መበስበስና የጉንፋን ጀርም ከምግቡ ጋር ወደ ሕፃኑ ይሻገራል። ዛሬ በሹካ ይፈጫል፣ በወንፊት ይጠለላል። ሙቀቱንም በምላስ ሳይሆን ጠብታ የእጅ አንጓዎ ላይ አድርገው ይፈትኑት። ልጁ ግን በእርስዎ ጭን ተቀምጦ ቢበላ ከማንም በላይ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የታለበ የእናት ጡት ወተትስ ስንት ሰዓት ይቆያል?

መልስ፦ እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ አራት ቀን። የጅማ ከሰዓት በኋላ ከ25 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ስለሆነ ያን ጊዜ ሰዓቱን አሳጥሩ። እሳት ላይ አይጣድ፤ ዕቃው በሞቀ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ለብ ይበል። በጡጦ ፋንታ በኩባያ ስጡ፤ የጡጦ ጫፍ ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው። ጡጦ የግድ ከሆነ በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ ቢያንስ 5 ደቂቃ በፈላ ውኃ ይቀቀል።

ጥያቄ፦ ተቅማጥ ቢጀምረው ምግቡን ላቁም?

መልስ፦ አታቁሚ። ጡቱ ይደጋገም፣ ምግቡም በትንሽ በትንሹ ይቀጥል፣ ከጤና ጣቢያ ኦ.አር.ኤስ (የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ፣ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት) እና ዚንክ ይምጣለት። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካልቻለ፣ ወይም ከወትሮው በተለየ ከደነዘዘ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰጂው።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ለሞግዚቷ እንዴት ላስረዳ? ገና ልጅ ናት፣ ማንበብም አትችልም።

መልስ፦ ሁሉንም በአንድ ቀን አትንገሪያት። በመጀመሪያው ቀን አብራችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ መታጠብ ያለባት ልጁን ካጸዳች በኋላና ምግብ ከመንካቷ በፊት እንደሆነ አሳዪያት። በሁለተኛው ቀን ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ገንፎ አብራችሁ አብስሉ። ማንበብ ባትችልም የግድግዳ ሰዓት ማየት ትማራለች፤ ድስቱ ሲወርድ ረጅሙ ዘንግ የት እንደነበረ በክዳኑ ላይ በተለጠፈ ፕላስተር ምልክት ታድርግ፣ ዘንጉ ሁለት ጊዜ ዞሮ እዚያው ሲደርስ ያልተበላውን ታንሳ። የተጣለ ገንፎ ስታገኚም አትቆጪያት፤ አመስግኛት።